አራት ዓመት ሎከር ውስጥ የከረመ ወረቀት

ባለፈው ሳምንት በምሠራበት መጋዘን ሎከሮቹ ሊቀየሩ ነው ተብሎ ዕቃችንን እንድናወጣ ተነገረን። ከእኔ ሎከር ግራው የጠፋበት ጓንት፣ ሁለት የቡና ኩባያ እና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ወረቀቱን ገና ሳልዘረጋው አወቅኩት። ፌብሩዋሪ 2021 በእጄ ያሰመርኩት ሠንጠረዥ ነው፦ የሁለት ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች አዲስ ፈራሚዎች፣ በግራ የኦሃዮ ስቴት፣ በቀኝ የሚሺጋን፣ ከታች የእኔና የአንድ የሥራ ባልደረባዬ ፊርማ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጨዋታው የእነሱ ነውና።)

ነገሩ የአሜሪካ እግር ኳስ ነው፤ ያ ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት። የኮሌጁ ጨዋታ እዚህ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ስቴት ባለበት ከተማ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ስታዲየም ያስገባል፤ ከፕሮፌሽናሉ ይልቅ ከተማውን የሚያምሰውም እሱ ነው። ተጫዋቾቹ ግን በገበያ የተገዙ አልነበሩም፤ አሰልጣኞች የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ቤት ድረስ ሄደው፣ ከእናት ከአባት ጋር ቁጭ ብለው፣ በነፃ የትምህርት ዕድል አባብለው ያመጧቸዋል። በየዓመቱ የሚፈርሙት ልጆች እንደ አንድ ክፍል ተማሪ በአንድ ላይ ይቆጠራሉ። የእንግሊዝ ክለቦችን የዝውውር መስኮት እንቅልፍ አጥቶ የሚከታተል ዘመድ ያለው ሰው የእኔን በሽታ ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ፣ እኔ የምከታተላቸው ገና ጢም ያላበቀሉ መሆናቸው ነው።

ኮሎምበስ የመጣሁት በ2013 ነው። ሚሺጋን የሚባለውን ጎረቤት ክፍለ ሀገር እንድጠላ ማንም አላስተማረኝም፤ ከሰው ጋር አብሬ ጠላሁት። በኖቬምበር መጨረሻ፣ ሁለቱ ከመገናኘታቸው በፊት ባለው ሳምንት፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ኤም የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ከሕንፃ ስም ላይ ሳይቀር በቀይ ፕላስተር ይሰረዛል። ባልደረባዬ ደግሞ ዲትሮይት አቅራቢያ ተወልዶ ያደገ፣ ከእኔ በሃያ ዓመት የሚበልጥ፣ ያንን ፕላስተር ባየ ቁጥር ጥርሱን የሚያፋጭ ሰውዬ ነው። በአንድ ፈረቃ መመደባችን የአለቃችን ጥፋት ነው።

ወረቀቱን የጻፍኩት በልበ ሙሉነት ነበር። ምልምሎችን በኮከብና በነጥብ የሚመዝነው 247 ስፖርትስ የሚባለው ድርጅት በዚያ ዓመት ኦሃዮ ስቴትን ከአላባማ ቀጥሎ ከመላ አገሪቱ ሁለተኛ አድርጎት ነበር፤ ሚሺጋን ከአሥሩ ውጭ ነበረ። ቁጥሩን ያመንኩት ዝም ብዬ አይደለም፤ አሠራሩን አጥንቼ ነው። ባለ አምስት ኮከብ የሚባሉት ልጆች በየዓመቱ ሠላሳ ሁለት ገደማ ናቸው፤ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ወደ ኤንኤፍኤል በሚደረገው ምርጫ በመጀመሪያው ዙር የሚጠሩትም 32 ስለሆኑ ነው። የቡድኑን ነጥብ ሲያሰሉም ዝም ብለው አይደምሩም። የምርጡ ልጅ ነጥብ ከሞላ ጎደል ሙሉውን ይቆጠራል፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ እየሳሳ ይሄዳል። ሃያ አምስት መናኛ የሰበሰበ፣ ጥቂት ምርጦች ያሉትን በብዛት ብቻ እንዳይበልጠው ነው። ጥሩ ስሌት ነው፤ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ።

እኔ ግን ጠቅላላ ደረጃው አላረካኝም። በየቦታው ላወዳድር ብዬ ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረው መሪ) ከኳርተርባክ፣ ተቀባይ ከተቀባይ፣ የመስመር ተጫዋች ከመስመር ተጫዋች እያልኩ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ጻፍኳቸው። ከእያንዳንዱ ጥንድ በላጩን በሰማያዊ እስክሪብቶ ከበብኩ። በግራ በኩል ክቦች ተደርድረዋል፤ በቀኝ ያሉት በጣት ይቆጠራሉ። በዚያው ዓመት በጋ ሁለት ስሞች በቀይ ተጨመሩ። አንዱ እስከ ጁላይ ሳይወስን የቆየው የዋሽንግተን ክፍለ ሀገሩ ጄ.ቲ. ቱይሞሎዋው ነው። ሌላው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በአንድ ዓመት አሳጥሮ የመጣው የቴክሳሱ ኳርተርባክ ክዊን ዩወርስ ነው። ቀዩን ስጽፍ ባልደረባዬ ትከሻዬ ላይ ቆሞ ነበር፤ ምንም አላለም። ከታች ያለችውን ዓረፍተ ነገር ያስገባሁት ያን ቀን ነው፦ «ዳኛው የኖቬምበሩ ጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ምሳ ይጋብዛል።» ሐሳቡ የእኔ ነበር። ይህን አስታውሱልኝ።

በ2021 ሚሺጋን 42 ለ 27 አሸነፈ። ልጆቹ ገና አንደኛ ዓመት ናቸው ብዬ ምሳውን ከፈልኩ። በ2022 እዚሁ ኮሎምበስ 45 ለ 23። በ2023 30 ለ 24። በ2024 እንደገና እዚሁ፣ 13 ለ 10። በ2021 የፈረሙት ልጆች አራት ዓመት ሙሉ ሚሺጋንን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያሸንፉ ጨረሱ። እኔም አራት ምሳ።

አሁን ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ክቦቹን አንድ በአንድ ሳያቸው፣ አብዛኞቹ ትክክል መሆናቸው ነው የሚያናድደኝ። ተቀባዮቹን እዩ፦ ኤሜካ ኤግቡካ በመጀመሪያው ዙር ተመርጧል። ከእሱ በታች፣ ለዝነኛው ተጫዋች ለአባቱ ስም ብዬ በግማሽ ልብ የከበብኩት ባለ አራት ኮከቡ ማርቪን ሃሪሰን ትንሹ ደግሞ በ2024 ምርጫ አራተኛ ሆኖ ተጠራ። የቴክሳሱ ዶኖቫን ጃክሰን፣ ያ ግዙፍ የመስመር ተጫዋች፣ እሱም የመጀመሪያ ዙር። በ2025 ከኦሃዮ ስቴት 14 ተጫዋቾች ወደ ኤንኤፍኤል ሲሄዱ ወረቀቴ ላይ ያሉ ስሞች ተደጋግመው ተጠሩ። ልጆቹን መዛኞቹ አልተሳሳቱባቸውም። እኔም አልተሳሳትኩም።

ታዲያ ምን ሆነ? ከሁሉም የምትቆጠቁጠኝ የ2023ቷ ቅጽበት ናት። መጋዘኑ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ቆመን እያየን ነው፤ ወንበር ነበረ፣ የተቀመጠ ግን የለም። ስድስት ነጥብ ተመርተናል፣ ኳሱ በእኛ እጅ ነው፣ የቀረው ከአንድ ደቂቃ በታች። ኳርተርባካችን ካይል ማኮርድ ነው፤ ከፊላደልፊያ የመጣ፣ በወረቀቴ ላይ የከበብኩት። የሚወረውረው ለሃሪሰን ነው፤ ሁለቱ በአንድ ትምህርት ቤት አብረው የተጫወቱ፣ በአንድ ዓመት አብረው የፈረሙ ናቸው። ሊወረውር ሲል ክንዱን ነኩት፤ ኳሱ ተንሳፈፈ። የሚሺጋኑ የኋላ ተከላካይ ሮድ ሙር ጠለፈው። ሮድ ሙር ባለ ሦስት ኮከብ ነው። የመጣው ከዴይተን አጠገብ ካለችው ክሌይተን፣ ከዚሁ ከኦሃዮ፣ ከኮሎምበስ በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን ከምትርቅ ከተማ ነው። የፈረመውም በዚያው በ2021 ነው። ወረቀቴን ተመለከትኩ፤ ስሙ አለ። በቀኝ በኩል፣ ሳይከበብ፣ አጠገቡ በእጄ «የእኛው ልጅ፣ ይቅርብን» ተብሎ ተጽፎበት። ባልደረባዬ ያን ቀን ወረቀቱን አልጠየቀኝም፤ የጻፍኩትን አያውቅም ነበር። አሁን ያውቃል።

የ2024ቱ ደግሞ ወረቀቱ ላይ እንኳ በሌለ ሰው ነው የመጣው። የሚሺጋን ኳርተርባክ ዴቪስ ዋረን ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ሉኪሚያ ታሞ የዳነ፣ ያለ ስኮላርሺፕ በራሱ በር አንኳኩቶ ቡድኑን የተቀላቀለ ልጅ ነው። ያን ቀን የወረወረው በጠቅላላው 62 ያርድ ነው፤ ሁለት ጊዜም ተጠልፎበታል። በዚያ ቁጥር ሚሺጋን በእኛ ሜዳ አሸነፈ። በመጨረሻዋ ወሳኝ ሰዓት 27 ያርድ የሮጠው ኬለል ማሊንግስ ደግሞ ሲመለመል ላይንባከር ነበር፤ ተከላካይ ተብሎ ኮከብ የተሰጠው ሰው አጥቂ ሆኖ ነው የቀበረን። ይህን የትኛው ሠንጠረዥ ላይ ትከብቡታላችሁ?

ባልደረባዬ «ልብ» ይላል። እኔ አልስማማም። ልብ የሚለው ቃል አሸናፊ ሁሉ ከጨዋታ በኋላ የሚያወጣው ነው። ለእኔ መልሱ መስመሩ ላይ ነው፤ ኳርተርባኩን ከፊት ሆነው የሚጠብቁት ግዙፎች ላይ። ተቀባይ ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሊያበራ ይችላል፤ የመስመር ተጫዋች ግን ሦስት አራት ዓመት ይበላል፣ ይወፍራል፣ ይማራል። ሚሺጋን በ2021 እና በ2022 በተከታታይ የአገሪቱ ምርጥ የመስመር ተጫዋቾች የሚሸለሙትን የጆ ሙር ሽልማት የወሰደው ቀደም ባሉት ዓመታት በመለመላቸው ጎልማሶችና ከቨርጂኒያ በተዛወረ አንድ የመሐል ተጫዋች ነው። እኔ የአንድን ዓመት ልጆች ከአንድ ዓመት ልጆች ጋር አሰልፌ ስከብብ፣ እነሱ ሜዳ ላይ አሰልፈው የመጡት የአራት ዓመት እህል ነበር። የእኛ ደግሞ በ2024 ሁለት ዋና ዋና የመስመር ተጫዋቾች በጉዳት ወጥተው፣ እንደዚያም ሆኖ በመሐል በኩል ደጋግመን እየሮጥን ግድግዳውን በግንባር ስንገፋ ዋልን። ይህ የምልመላ ሳይሆን የአሰልጣኝ ጥፋት ነው። በዚህ ላይ ባልደረባዬ እንኳ አይከራከረኝም።

ደረጃ ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ያየ ደግሞ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ነው። በ2022 ያስፈረማቸው ልጆች በ247 ስፖርትስ ታሪክ እስከዚያ ድረስ ከፍተኛው ነጥብ የተሰጣቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት ቡድኑ አምስት አሸንፎ ሰባት ተሸነፈ፤ በቀጣዩ ዓመት አሰልጣኙ ጂምቦ ፊሸር ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ተቆርጦለት ተሰናበተ፤ ከልጆቹም ብዙዎቹ ተበተኑ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት እዚያ ላለ ሰው መተርጎም አያስፈልግም።

መበተኑ ነው አዲሱ ነገር። ከ2018 ጀምሮ መሄድ የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን የሚያስመዘግብበት የዝውውር ፖርታል አለ፤ ከ2021 ወዲህ ደግሞ ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይቀጣ መሄድ ይችላል፣ ከስሙና ከምስሉም ገንዘብ ያገኛል። በ2025 ጁን ላይ ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቻቸው እንዲያካፍሉ ፈቅዷል። በቀይ የጻፍኩት ዩወርስ ሁለት ኳስ ብቻ ተቀብሎ ወደ ቴክሳስ ሄደ፤ በእርሳስ ሰርዤዋለሁ። ማኮርድ ወደ ሲራኪዩስ ሄዶ በ2024 ከመላ አገሪቱ ብዙ ያርድ የወረወረ ኳርተርባክ ሆነ። ለእኛ ዋንጫ ያመጣልን ኳርተርባክ ዊል ሃዋርድ ደግሞ ከካንሳስ ስቴት የመጣ ነው፤ የትኛውም የኦሃዮ ስቴት ምልመላ ዝርዝር ላይ ስሙን አታገኙትም።

አዎ፣ ዋንጫ። ሚሺጋን በ13 ለ 10 ካዋረደን ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ኖተር ዳምን 34 ለ 23 አሸንፈን የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆንን። ከዚያ በፊት በነበረው ጨዋታ ቴክሳስ አቻ ሊያደርገን የግብ መስመሩ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ጃክ ሶየር፣ እዚሁ ከኮሎምበስ ጥግ ከፒከሪንግተን የወጣው፣ በወረቀቴ ላይ የመጀመሪያው ሰማያዊ ክብ፣ ኳርተርባኩን ይዞ ኳሱን አስጣለው፤ አንሥቶም 83 ያርድ ሮጠ። ያስጣለው ሰው ዩወርስ ነው። በ2021 እዚህ አብረው የመጡ፣ በአንድ ክፍል ያደሩ ልጆች። የከበብኩት የሰረዝኩትን ሲያስጥል አየሁ። ጮኬ ጎረቤት በር አንኳኳ።

ሶየር የሻምፒዮንነት ቀለበት አለው። የወርቅ ሱሪ ግን የለውም። ሚሺጋንን ያሸነፈ የኦሃዮ ስቴት ተጫዋች ከ1934 ጀምሮ የሚሰጠው የጣት ጥፍር የምታህል የወርቅ ሱሪ ናት፤ አሰልጣኝ ፍራንሲስ ሽሚት እነሱም እንደኛው ሱሪያቸውን በአንድ አንድ እግር ነው የሚያጠልቁት ካለ ወዲህ። አራት ዓመት ሙሉ ከዳር እስከ ዳር የተጫወቱት ኤግቡካ፣ ቱይሞሎዋው፣ ሯጩ ትሬቪዮን ሄንደርሰን፣ ሶየር፣ ያቺን ሱሪ ሳይዙ ነው የወጡት።

ባልደረባዬ ዋንጫውን ወረቀቱ አያውቀውም ይላል። እኔ ደግሞ ከማውቃቸው ሁሉ የተሻሉት የ2021ዶቹ ናቸው እላለሁ። ሎከሩን ባስለቀቅንበት ቀን አዲስ ወረቀት አሰመርን። የ2025ቱ ነው። ኳርተርባኮቹ ሁለቱም ባለ አምስት ኮከብ፣ ሁለቱም የየክፍለ ሀገራቸው ልጆች ናቸው፦ የእነሱ ብራይስ አንደርዉድ ከቤልቪል፣ ከሉዊዚያና አፍ ነጥቀው የመለሱት፤ የእኛ ታቪየን ሴንት ክሌር ከቤልፋውንቴን። ጁሊያን ሴይን የሚባለውን፣ መጀመሪያ ለአላባማ ፈርሞ ወደ እኛ የመጣውን ኳርተርባክ የት እንደምጽፈው ግራ ገባኝና ጠርዙ ላይ ጻፍኩት። ባልደረባዬ «እሱ አይቆጠርም» አለ። «ሜዳ ላይ ይቆጠራል» አልኩት።

ከዚያ ወደ ታችኛዋ ዓረፍተ ነገር ደረስን። እኔ «ወይም የአገሪቱ ዋንጫ» የሚል እንጨምር አልኩ። እሱ አሮጌውን ወረቀት አነሣና በእኔ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈችውን ዓረፍተ ነገር በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ ሁለት ጊዜ። አዲሱ እስካሁን አልተፈረመም።