ለጋ ነው ያለችው ቅቤ

55 ቀን ሁዳዴ የከረመ ቤት ቅቤ ካልገባበት ፋሲካ አይመስልም። አክስቴ ደግሞ በቅቤ አገዛዝ ማንም አይደርስብኝም ባይ ናት። ሾላ ገበያ ይዣት ስሄድ መንገዱን ሙሉ ስታስተምረኝ ነበር፦ በሳሉ ለወጥ፣ ለጋው ለአናት፣ መካከለኛው ላልወሰነ ሰው።

ሻጯ የኮባውን ቅጠል ገለጥ አድርጋ «እናቴ፣ ትናንት ማታ የተናጠ ነው፤ ለጋ!» አለቻት። አክስቴ በቃል አታምንም። በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫር አደረገች፣ እጇ ጀርባ ላይ አሸት አሸት አደረገችው፣ አሸተተች። ከዚያ እጇን አፍንጫዬ ስር ደቀነችው።

«ምን ምን ይላል?»

«ቅቤ ቅቤ።»

«አይ አንተ!»

ሻጯ ገበያው እንዳያመልጣት ቶሎ ብላ «ኧረ እናቴ፣ እንደ ልጅዎ ለጋ ነው!» አለች። አክስቴ ዞር ብላ ከግንባሬ እየሸሸ ያለውን ፀጉሬን አየት አደረገችና «እሱማ መካከለኛ ነው» አለቻት። ሰው በሳል ሲባል ክብር ነው፣ ቅቤ በሳል ሲባል ዋጋው ይወርዳል፤ መካከለኛ ግን ለሁለታችንም ምን እንደሆነ እንጃ። ብቻ ተከራክራ ገዛች።

የፋሲካ ዕለት እንቁላል የሚያህል አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ደንበኛ ለጋ ቢሆን አቦል ሳይወርድ እሱ ግንባሯ ላይ ይወርድ ነበር። አቦል ተጠጣ። ቶና ተጠጣ። በረካ ላይም ቅቤው እንደተቀመጠ ነው፤ የጣቷ አሻራ እንኳ አልጠፋም። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን ነካ አድርጋ፦

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ቅቤ ነው ጂፕሰም?»

ጓዳ ገብቼ የተረፈውን በቢላ ለሁለት ብከፍለው ከላይ ስስ ቅቤ፣ ከውስጥ ድርቅ ያለ የአትክልት ቅቤ! የአክስቴ ጥፍር እዚያ ድረስ አልዘለቀም።

ከዚያማ በዓሉ ወደ እጥበት ዞረ። እኔ በጆግ ሙቅ ውሃ አፈሳለሁ፣ ጎረቤታችን በሚዶ ትፈቀፍቃለች፣ አክስቴ አጎንብሳ «ይሄንንማ ከሰፈር ሱቅ በርካሽ አገኘው ነበር!» እያለች ሂሳብ ትሠራለች። ሻምፖው እምቢ ብሎ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ለቀቀ።

በማግስቱ በተረፈው ድንች ጠበሰችበት። ቆንጆ አድርጎ ጠበሰው፤ ፊቷ ላይ ግን ማን ደፍሮ ይናገራል።