ሶልቴር፦ መጠጥ ቤት የተከለከለበት መንደር

እንግሊዝ፣ ብራድፎርድ ያደርኩበት ማረፊያ ብርዱ ለጉድ ነው። ማሞቂያው ገና በጊዜ ጠፋ። 60 ፓውንድ ከፍዬ ካፖርት ለብሼ ተኛሁ። ብርድ ልብስ ጨምሩልኝ ብልም የሚሰማኝ አጣሁ። ሲነጋ ቁርስ ሳልጠብቅ ወጥቼ ባቡር ያዝኩ። ሶልቴር ቅርብ ነው።

መንደሩን የመሠረተው ታይተስ ሶልት የሚባል የሱፍ ፋብሪካ ባለቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1849 ብራድፎርድን ኮሌራ ሲፈጃት ከንቲባዋ እሱ ነበር። ፋብሪካውን ከዚያ ጭስና ፍሳሽ አውጥቶ ኤር ወንዝ ዳር ተከለ። በ1853፣ ልክ 50 ዓመት በሞላው ቀን ተመረቀ። ከዚያ ለሠራተኞቹ 800 ገደማ ቤት ሠራ፤ እያንዳንዱ የራሱ መጸዳጃ ያለው።

ሰውዬው ኮንግሪጌሽናል የሚባሉት ፕሮቴስታንቶች ወገን ነበር። ጳጳስ የላቸውም፤ እያንዳንዱ ጉባኤ ራሱን ያስተዳድራል። ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ስለሆኑ እስከ 1828 ድረስ ሕጉ ሹመት ይከለክላቸው ነበር። ብዙዎቹ በንግድ የበረቱት ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1859 ያሠራው ቤተ ክርስቲያን ከፋብሪካው ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። ደጁ ዝግ ነበር። አንዲት አሮጊት በጎ ፈቃደኛ ስንቀጠቀጥ አይተው ሰዓቱ ሳይደርስ ከፈቱልኝ፤ ሻይም አፈሉልኝ። እግዜር ይስጣቸው! ውስጡ ሰማያዊ ዓምዶች አሉት፤ ከጣሪያው ሁለት ግዙፍ የብርጭቆ መብራቶች ተንጠልጥለዋል። ሶልት ራሱም የተቀበረው እዚሁ ነው።

እኔ ባደግኩበት ሰፈር ሀብታም ስለቱ ሲሰምርለት ጃንጥላና መጋረጃ ያስገባል። ይሄኛው ቤተ ክርስቲያኑንም ሠርቶ፣ ለድሃው ቧንቧም ዘርግቷል። በጣም ነው ያከበርኩት።

ግን እምነቱ ጓዳም ይገባ ነበር። መጠጥ ቤት ክልክል። የታጠበ ልብስ መንገድ ላይ ማስጣት ክልክል። ደግሞ ሕፃናቱ ግማሽ ቀን ፋብሪካ፣ ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት ይውሉ ነበር፤ የዘመኑ ሕግ ይፈቅዳል። ይሄ አልዋጥልህ አለኝ። ለሴትዮዋ ስነግራቸው አልተቆጡም። አያታቸው እንደዚያ ከሠሩት ልጆች አንዷ ነበሩ። አያትየው ስለ ፋብሪካው ክፉ ሲናገሩ ሰምተው አያውቁም፤ የማሽኑ ጫጫታ ግን የአያትየውን ጆሮ ደፍኖታል።

ከዚያ ወደ አረጋውያኑ ቤቶች መንገዱን አሳዩኝ። በ1868 የተሠሩ 45 ቤቶች ናቸው፤ ያኔ ኪራይ አልነበረም፣ በየሳምንቱም ድጎማ ነበር። መንግሥት ለአረጋውያን ጡረታ መክፈል የጀመረው በ1909 ነው። ሶልት 40 ዓመት ያህል ቀድሞታል። የሚገባው ግን ምግባረ መልካም የሆነ ብቻ ነበር። ይሄ እስካሁን ይከነክነኛል። ዕድሜውን ፋብሪካ ውስጥ የጨረሰ፣ መጠጥ የሚወድ ሽማግሌስ የት ይሂድ?