በፕላዝማ የነቃ ውሃን ኃይሉን ሳያጣ ማቆየት፦ ከቤተ ሙከራ ሥራዬ የተማርኩት

ከፍተኛ ቮልቴጅ ባላቸው ኤሌክትሮዶች አማካይነት ከውሃ ወለል በላይ ባለው አየር ውስጥ ቀዝቃዛ ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ ኃይል በከፊል ወደ ሙል ቅንጣቶች የተለወጠ፣ ብዙ የማይሞቅ ጋዝ) በመፍጠር፣ ከአየርና ከኤሌክትሪክ በስተቀር ምንም ሳይጨመርበት በፕላዝማ የነቃ ውሃ የሚባል ባክቴሪያ የሚገድል ፈሳሽ ማዘጋጀት ይቻላል። ለድኅረ ምረቃ ጥናቴ የያዝኩት ጥያቄ ግን ውሃው ባክቴሪያ ይገድላል ወይ የሚል አልነበረም፤ ይህማ በብዙ ቤተ ሙከራዎች ከተረጋገጠ ቆይቷል። እኔን ያሳሰበኝ፣ ዛሬ የተዘጋጀው ውሃ ከሳምንት በኋላ ቁስል ለማጠብ ወይም አትክልት ለማጽዳት ሲፈለግ ኃይሉን እንደያዘ ይገኛል ወይ የሚለው ነው።

ለመልሱ መነሻ የሚሆነው የገዳይነቱን ምንጭ ማወቅ ነው። በፕላዝማው ውስጥ የአየር ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተሰባብረው እንደገና ሲዋሃዱ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ይፈጠራሉ፤ እነዚህም ውሃው ውስጥ ሲሟሙ ናይትራይትና ናይትሬት እየሆኑ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) ወደ 3 አካባቢ ያወርዱታል። ከውሃው ሞለኪውሎች መሰንጠቅ ደግሞ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይገኛል። ናይትራይትና ፐርኦክሳይድ በአሲዳማው ፈሳሽ ውስጥ ሲገናኙ ፐርኦክሲናይትረስ አሲድ ይሠራሉ፤ ይህ ውህድ በሰከንዶች ውስጥ የሚፈርስ ሲሆን፣ ሲፈርስ የሚለቃቸው ራዲካሎች (ያገኙትን በፍጥነት የሚያጠቁ ቅንጣቶች) የባክቴሪያውን ሽፋን፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ያበላሻሉ። እንግዲህ ገዳይነቱ በአብዛኛው የሚመነጨው በመካሄድ ላይ ካለ አጸግብሮት ነው። አጸግብሮቱ ናይትራይቱን ከጨረሰ በኋላ የሚቀረው ናይትሬት፣ አሲድና የተረፈው ፐርኦክሳይድ ብቻ ነው።

በዚህ ምክንያት ከአንድ ዝግጅት የተገኘውን ውሃ ከፋፍዬ፣ ጋዝ የሚያመልጥበት ክፍተት እንዳይኖር እስከ አፋቸው በተሞሉና በጥብቅ በተከደኑ ቱቦዎች በክፍል ሙቀትና በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አስቀመጥኩ፤ በረዶ ለሚሆኑት ግን ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ጥቂት ቦታ ተውኩላቸው፣ እነርሱንም ከዜሮ በታች 20 እና 80 ዲግሪ በሆኑ ፍሪዘሮች አስገባሁ። ከጎናቸው በናይትሪክ አሲድ ተመሳሳይ ፒኤች እንዲይዝ የተደረገ ውሃ፣ ፐርኦክሳይድ ብቻ ያለበት ውሃ፣ እንዲሁም ሁለቱንና ናይትራይትን አንድ ላይ የያዘ ድብልቅ አዘጋጀሁ። እነዚህ ማነጻጸሪያዎች የሌሉበትን ጥናት ለማመን እቸገራለሁ፤ ያለ እነርሱ ባክቴሪያውን የገደለው አሲዱ ይሁን ፕላዝማው የፈጠረው ውህድ መለየት አይቻልምና።

በአለካኩ ላይ ሁለት ነገሮች ወሳኝ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው ፐርኦክሳይድን በታይታኒየም ኦክሲሰልፌት ቢጫ ቀለም ከመለካት በፊት ሶዲየም አዛይድ ጨምሮ ናይትራይቱን ማስወገድ ነው፤ አለበለዚያ ሁለቱ በናሙናው ውስጥ እርስ በርሳቸው መበላላታቸውን ይቀጥላሉ። ናይትራይቱን ለብቻው፣ ናይትራይት ሲያገኝ ሐምራዊ በሚሆነው ግሪስ ሬጀንት፣ በ540 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ አነበብኩት። ሁለተኛው፣ ለሙከራ የተጠቀምኩባቸው ባክቴሪያዎች፣ ኢ. ኮላይና ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፣ ከውሃው ጋር የሚቆዩበት ጊዜ እንዳበቃ ወዲያውኑ በፎስፌት በፈር (ፒኤች እንዳይለዋወጥ በሚያደርግ ፈሳሽ) ማቅጠን ነው፤ በፈሩ አሲዱን ካላጠፋው ግድያው በማቅጠኛው ቱቦ ውስጥ ስለሚቀጥል የሚገኘው ቁጥር የተጋነነ ይሆናል። ውጤቱን የገለጽኩት በሎግ ሲሆን፣ አንድ ሎግ 90 በመቶ፣ ሦስት ሎግ ደግሞ 99.9 በመቶ ቅነሳ ማለት ነው።

በክፍል ሙቀት የተቀመጠው ውሃ ናይትራይቱን በፍጥነት አጣ፤ ገዳይነቱም አብሮ ወረደ። ፍሪጅ ሂደቱን አዘገየው እንጂ አላቆመውም። ከሁሉ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የተቀመጠው ነበር፤ ይበልጥ ስለቀዘቀዘ ከፍሪጁ የተሻለ ሊሆን ይገባው ነበር፣ ሆኖም ናይትራይቱ ጠፍቶ ተገኘ። ምክንያቱ ውሃው ቀስ ብሎ ሲረጋ የበረዶው ክሪስታሎች የሟሟውን ነገር ሁሉ ወደ ጎን ስለሚገፉት፣ በመካከላቸው በሚቀረው ቀጭን ፈሳሽ ውስጥ አሲዱ፣ ናይትራይቱና ፐርኦክሳይዱ እጅግ ስለሚከማቹ ነው፤ ክምችቱ አጸግብሮቱን ከቅዝቃዜው በላይ ያፋጥነዋል። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ግን ውሃው ቶሎ ስለሚረጋና በዚያ ቅዝቃዜ ሁሉም ነገር ስለሚገታ ኃይሉ በደንብ ተጠበቀ፤ ይህም ቀልጦ ወዲያው ጥቅም ላይ ሲውል ነው።

እንዲህ ያለ ፍሪዘር በሌለበት ቦታስ? በእኔ እምነት ተስፋ ሰጪው መንገድ ፕላዝማውን በፎስፌት በፈር ላይ ማሳረፍ ነው። በገለልተኛ ፒኤች ናይትራይትና ፐርኦክሳይድ ሳይጠፋፉ ጎን ለጎን ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ፤ ፈሳሹ በዚያ ሁኔታ እምብዛም ባይገድልም፣ ሊጠቀሙበት ሲሉ በአሲድ ፒኤቹን ወደ 3 ሲያወርዱት አጸግብሮቱ ይጀምራል። አሁን የምሠራው ይኸው ዘዴ ፕሮቲን ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል እንደሚዘልቅ በመፈተሽ ላይ ነው፤ ደምም ሆነ የሥጋ ጭማቂ ራዲካሎቹን ከባክቴሪያው ቀድሞ ስለሚወስዳቸው፣ በንጹሕ ውሃ የተገኘው ገዳይነት በቁስል ላይም እንዲሁ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም።