ውሻው «ወፍ» ሲል

ዛሬ ከእህቴ ልጅ ጋር የእንግሊዝኛ ካርቱን ሳይ ዋልኩ። ውሻው «ወፍ! ወፍ!» እያለ ሲጮህ ልጁ «የታለች ወፏ?» አይለኝም! 😂

የአውራ ዶሮው ጉዳይ ይብሳል። እኛ ጋ ኩኩሉ ይላል። ድብብቆሽ ስንጫወት «ኩኩሉ!» «አልነጋም!» የምንባባለውም በሱ ጩኸት ነው። ፈረንሳዮች ኮኮሪኮ፣ ጀርመኖች ኪኬሪኪ፣ ጃፓኖች ኮኬኮኮ ይሉታል። እንግሊዝኛው ግን «ኮክ አ ዱድል ዱ» ብሎ ዘፈን አደረገው። ምን ዓይነት ዶሮ ቢሰሙ ነው?

ለእኛ «አለ» ትበቃናለች። በሩ ጓ አለ፣ ጠመንጃው ዷ አለ፣ ቧንቧው ጠብ ጠብ አለ። ድምፅ የሌለው እንኳ «ጭጭ አለ» ነው። ጃፓኖች ደግሞ ዝምታን «ሺን» ይሉታል አሉ። ጆሯቸው ነው እንጂ!