ሦስተኛው ሲኒ

ጅማ፣ ጥር 19 ቀን፣ ማታ

የቅምሻ ክፍሉን ቆልፌ ስወጣ መሽቶ ነበር። የአዌቱን ድልድይ በባጃጅ ስሻገር ለብቻዬ ፈገግ ማለቴን ያወቅሁት ሾፌሩ በመስታወት አሻግሮ ሲያየኝ ነው። ስድስት ቡና ቀማሾችን መምራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ስለዚህ ሥራ የማውቀው አብዛኛው ነገር ግን ከአንድ ሲኒ የተማርኩት ነው።

አምና በዚሁ ወቅት ከሊሙ የመጣ የታጠበ ቡና እንቀምስ ነበር። ለአንድ ናሙና አምስት ሲኒ የምንደረድረውና የእያንዳንዱን ቡና ለየብቻ መዝነን ለየብቻ የምንፈጨው፣ የተበላሸች ፍሬ ካለች በአንዱ ሲኒ ተለይታ እንድትታወቅ ነው፤ በመፈልፈያው ወይም በማብላያው ገንዳ ጥግ ተቀርቅራ የሰነበተች አንዲት ፍሬ ሲኒውን በሙሉ ታገማዋለችና። ከእኛ ጋር ሦስት ወር ያልሞላት ልጅ በሦስተኛው ሲኒ አንጻር «የገማ» ብላ ጻፈች። እኔ ሲኒውን ገና በትኩሱ ቀምሼ አልፌው ስለነበር ወረቀቷን አነሣሁና «ምላስሽ ገና ነው፤ ነገ ቁርስሽን ያለ በርበሬ ብዪ» አልኳት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እርሷም አብራ ሳቀች፤ ዛሬም ድረስ የሚያሳፍረኝ የእርሷ ሳቅ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የውጤት መዝገቡን ሳገላብጥ የእርሷ ነጥብ ከእኔው ከግማሽ ነጥብ በላይ ርቆ እንደማያውቅ አየሁ። በመጀመሪያ «ጎበዘች» ብዬ ደስ አለኝ። ወረድ ስል ግን፣ እኔ ሁለት ናሙና አምታትቼ በስህተት የጻፍኩትን ነጥብ እንኳ እንዳለ ወስዳ ጽፋዋለች። ልጅቷ ቡናውን ትታ የእኔን ፊት መቅመስ ጀምራ ኖሯል። በእኛ ደረጃ አሰጣጥ ከመቶው 40 ለጥሬው ፍሬ፣ 60 ለቅምሻው ስለሚሰጥ፣ አንዲት ቀማሽ ከፈራች ዋጋውን የሚከፍለው ቡናውን ያመጣው ሰው ነው። በመጠባበቂያ የተቀመጠውን ናሙና አስቆልቼ ከሥራ ሰዓት በኋላ ብቻዬን ቀመስኩት። ትኩሱን ስቀምስ ምንም አልነበረም። ሲቀዘቅዝ ግን፣ በዚህኛው ዙር ሁለተኛው ሲኒ ገማ። እርሷ ያን ዕለት ሲኒዎቹ እስኪበርዱ ጠብቃ እንደገና ተመልሳባቸው ነበር፤ እኔ አልተመለስኩም።

ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት ቀማሽ፣ የመጨረሻዋን ማንኪያ ከተፉ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቆሙ ነበር። እኛ ወጣቶቹ ግማሾቻችን «ወገባቸውን ያማቸዋል»፣ ግማሾቻችን «ኩራት ነው» እንል ነበር። ለምን ይዞሩ እንደነበር የገባኝ ያን ምሽት ነው።

በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኋት። ለብቻዋ ጠርቼ ብነግራት ይቀለኝ ነበር፤ ፌዙ የተነገረው ግን በጠረጴዛው ዙሪያ ስለሆነ ይቅርታውንም እዚያው፣ በዚያው ሰው ፊት አደረግሁት። «እሺ ጋሼ» ብላ አቀረቀረች። እውነቱን ለመናገር ይቅርታው ወዲያው አልሠራም፤ ሁለት ወር ያህል ነጥቧ ከእኔ ነጥብ ጎን ጎን ሲሄድ ቆየ። የሠራው ሌላ፣ አሰልቺ የሚባል ነገር ነው። ሁሉም ጽፎ ወረቀቱን እስኪገለብጥ ማንም እንዳይናገር ደነገግን፤ እኔ ከሁሉም በኋላ እናገራለሁ። አፍንጫዬ በጉንፋን ሲዘጋ ከጠረጴዛው እቀራለሁ። አንዱን ናሙና በሁለት የተለያየ ኮድ ደብቀን ሁለት ጊዜ እናቀርብና የሁላችንም ውጤት በይፋ ይነበባል። እኔ ለአንዱ ቡና ሦስት ነጥብ የሚራራቅ ውጤት መስጠቴ የተነበበ ዕለት፣ ልጅቷ ከልቧ ስትስቅ ሰማኋት። ያኛው ሳቅ ሌላ ነበር።

ዛሬ ደግሞ ያልታጠበ የጅማ ቡና ላይ ከሁላችንም አራት ነጥብ ዝቅ አድርጋ ጻፈች። ምክንያቷን ስጠይቃት «አፈር አፈር ይላል» አለች። እኔ «አላገኘሁትም» አልኳት። «ጋሼ፣ ቀዝቅዟል፤ አሁን ይድገሙት» ብላ ሲኒውን ወደ እኔ ገፋችው። ደገምኩት፤ አሁንም አላገኘሁትም፤ እርሷም ከነጥቧ አልወረደችም። ከጎኗ የተቀመጠችው አንጋፋዋ ቀማሽ ደግሞ ሁለታችንንም አላመነችንም። ነገ ጠዋት ናሙናው እንደገና ይቆላል።