አባ ኮዳ ስቆጥር የባጀሁባቸው አምስት ወራት

ባለፈው ጥቅምት አንድ ደብተር ገዛሁና ሽፋኑ ላይ «የከተማ አራዊት፣ ሐዋሳ» ብዬ ጻፍኩበት። ሐሳቤ ቀላል ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት ሐይቁ ዳር ሄጄ ያየሁትን፣ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ፣ ጦጣውን፣ ጉሬዛውን፣ እቆጥራለሁ። አሁን የካቲት እያለቀ ነው፣ ደብተሩም ሊያልቅ ነው። ከእናንተም መሀል እንዲህ አራዊት እያዩ መመዝገብ ገና የጀመራችሁ ስላላችሁ የተሸወድኩበትንም ሳልደብቅ ልጻፍላችሁ።

የመጀመሪያው ወር ገጾች አሁን ሳነባቸው ያስቁኛል። «አባ ኮዳ 42። ጦጣ 60። ጉሬዛ 9።» በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። በስንት ሰዓት፣ ምን ሲያደርጉ፣ ማን አጠገባቸው ነበር፣ ምንም። ደግሞ 60 ያልኩት ውሸት ነው። ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ፓርክ በአንዱ በኩል ስገባ የቆጠርኳቸውን ጦጣዎች ስወጣ ደግሜ ቆጥሬያቸዋለሁ። ይህን ያወቅኩት ጭራዋ ከግማሽ በተቆረጠ አንዲት እናት ጦጣ ነው። ጭራ ቆራጣ እላታለሁ። በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ቆጥሬያት ኖሯል። ከዚያ ቀን በኋላ ዞሮ መቁጠር ተውኩ። አንድ ቦታ እቀመጣለሁ፣ አንድ እንስሳ እመርጣለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ዓይኔን አልነቅልም። ከዚህ ደብተር አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል ይህን ነው የምሰጣችሁ።

መጀመሪያ የመረጥኩት አባ ኮዳን ነው። ሐዋሳ የመጣ ሁሉ ያውቀዋል። ዓሣ ገበያው ላይ ክንፉን ከኋላ አጥፎ፣ አንገቱን ሰብሮ የሚቆመው ራሰ በራ። እኔ ሳየው ፍርድ ቤት ደጃፍ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወረፋ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ይመስለኛል። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፣ ስለዚህ አጠገቡ የቆመ ሕፃን ከእሱ ያንሳል።

በኅዳር «እግሩ ነጭ ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። ደብተሬን አንገቱን አስግጎ ያነበበ አንድ ዓሣ የሚገፍ ልጅ ሳቀብኝ። «እህቴ፣ እሱ እኮ ኩሱ ነው!» አለኝ። ባይኖኩላሩን አስተካክዬ አየሁ። እውነቱን ነው። እግሩ ጠቆር ያለ ነው፤ ነጩ የራሱ ኩስ ነው። ለካ ሙቀት ሲበዛበት ሆን ብሎ እግሩ ላይ ይለቃል። እርጥበቱ ሲተን ያቀዘቅዘዋል። እኛ ፀሐይ ሲበረታ ፊታችንን በውሃ እንደምንነካካው መሆኑ ነው፣ ዘዴው ትንሽ ቢለይም።

አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለው ቀይ ከረጢትም እንዲሁ አሳስቶኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓሣ የሚያከማችበት ነው ሲባል ነው የሰማሁት። አይደለም። አየር እንጂ ምግብ አይገባበትም፤ ጓደኛ ሲፈልግ ይነፋዋል። ስሙ ግን ደስ ይላል። የሳይንስ ስሙ ሁለተኛ ቃል ክሩመኒፈር ነው፣ በላቲን «የገንዘብ ከረጢት ተሸካሚ» እንደ ማለት። ሁለቱም ሰያሚዎች ያዩት አንዱኑ አንገት ነው። እነሱ ቦርሳ አሉት፣ እኛ ኮዳ።

አሁን ወደ ገበያው። ማታ የተጣለው መረብ ሲነጋ ይሰበሰባል፣ ጀልባዎቹም በጠዋት ይገባሉ። ልጁ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጣውላ ላይ ያጋድማል። ቆዳውን ይገፋል፣ ሥጋውን ከሁለቱም ጎን በቢላ ያነሳል። ጭንቅላቱና አጥንቱ ሲቀር ዞር ሳይል ወደ ኋላ ይወረውረዋል። አባ ኮዳ መሬት ሳይነካ ይቀልበዋል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ወፉ ዓሣውን የሚያይ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ነው የገባኝ። የሚያየው የልጁን ክርን ነው። ቢላው ሲሠራ ሁሉም እንደ ሐውልት ናቸው። ክርኑ ወደ ኋላ ሲሄድ ግን አንገቶች አንድ ላይ ብድግ ይላሉ። ይህንን ለልጁ ስነግረው «ቆይ ላሳይሽ» አለና በባዶ እጁ የወረወረ አስመሰለ። ሦስቱ ተንደረደሩ። ጠርዝ ላይ የቆመው ትልቁ ግን ንቅንቅ አላለም። «እሱ ያውቀኛል» አለኝ ልጁ፣ ኮራ ብሎ። ከደብተሬ ሁሉ የምወደው ገጽ ይሄ ነው።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። እሮብና ዓርብ ፊሌት ጠያቂ ይበዛል። ልጆቹ ያለ ዕረፍት ይገፋሉ፣ ጥራጊው ይቆለላል፣ እኔም በእነዚያ ቀናት ብዙ አባ ኮዳ እቆጥራለሁ። ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ላይ የእንስሳው ዓምድ ጎን «ሰዎቹ ምን ያደርጉ ነበር?» የሚል አዲስ ዓምድ ጨመርኩ። እውነቱን ለመናገር አሁን የሚረዝመው እሱ ዓምድ ነው።

ጦጣዎቹ ጋ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። በጥቅምት ፎቶ ለማንሳት ብዬ ለጭራ ቆራጣ ሙዝ ሰጥቻታለሁ። አንድ አዛውንት ጥበቃ አዩኝ። አልተቆጡም። «የኔ ልጅ፣ ዛሬ አንቺ ሙዝ ትሰጫታለሽ። ነገ አንዱ ባዶ እጁን ሲመጣ ትነክሰዋለች። የምትነከሺው አንቺ አይደለሽም» አሉኝ። አፈርኩ። «ይቅርታ ጋሼ» ብዬ ልጣጩን አንስቼ ሄድኩ።

በታኅሣሥ ያሉት ደረሰ። አንድ ልጅ ፈንዲሻውን ከጀርባው ሲደብቅ አንዱ ጦጣ እጁን ቧጨረው። እናቱ በሶፍት ጠረግ አድርጋ ልትተወው ነበር። እንዲህ ከገጠማችሁ ሶፍት አይበቃም። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም። የእብድ ውሻ በሽታ የሚባለው ከውሻ ብቻ አይመጣም። ደግሞ ጦጣ ስታፈጥባችሁ ጥርሳችሁን አሳይታችሁ ሳቅ አትበሉ። በእሷ ቋንቋ ማፍጠጥም ጥርስ ማሳየትም ጥሩ ትርጉም የላቸውም።

የፌስታል ድምፅ ነገርማ ጉድ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ብስኩት በፌስታል ጠቅልዬ ነበር። ዚፑን ስከፍት ዞር ያለ አልነበረም። ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ ግን አራት ጦጣ ከዛፍ ወረደ። ብስኩቱም ሄደ፣ እስክሪብቶዬም አብሮ ሄደ። አሁን ምግብ ይዤ አልሄድም።

ጉሬዛን በደንብ ለማየት ገና ነኝ፣ አንገት ያሳምማል። ከጦጣ በጣም ይለያል። ዋና ምግቡ ቅጠል ነው፣ ሆዱም እንደ ላም የተከፋፈለ ነው፤ ስለዚህ ዳቦ መወርወር እሱን ማሳመም ነው። አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፣ ቅርንጫፉን በአራት ጣት እንደ መንጠቆ ነው የሚይዘው። ስሙ የእኛ ነው። ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ በ1835 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ሲመዘግበው «ጉሬዛ» የሚለውን እንዳለ ወሰደው። በጥር አንዲት እናት ደረት ላይ ነጭ ነገር አየሁና ጥጥ መሰለኝ። ግልገሏ ነው። ጉሬዛ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፣ ጥቁሩ ቆይቶ ነው የሚመጣው። በየሳምንቱ እየሄድኩ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ግራጫ መሆን ጀምሯል።

ለጉማሬ ደግሞ ሌላ ደብተር ያስፈልጋል። ቀን ውሃ ውስጥ ነው፣ ሲመሽ ነው ሣር ፍለጋ የሚወጣው። እነዚያው ጥበቃ አንድ ሕግ ብቻ ነግረውኛል። በእሱና በውሃው መሀል አትቁሚ። ስለዚህ ለጊዜው ከጀልባ ላይ ጆሮውን ብቻ ነው የመዘገብኩት።

ትናንት ጠዋት ጭራ ቆራጣ አግዳሚው ወንበር ላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቀኝ እጄን አየች፤ እስክሪብቶ ነው። ግራዬን አየች፤ ደብተር ነው። ቦርሳዬን አንዴ ነካ አድርጋ ተወችው። ከዚያ ተነስታ፣ ቀጥሎ ያለው ወንበር ላይ የተጠበሰ በቆሎ ይዘው ወደተቀመጡት ጥንዶች ሄደች። ሰዓቱን ጻፍኩ፤ 1፡20።