«ወዳጃ ናችሁ?»

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባሱ ስድስት ኪሎ ቆሟል። ስምንት ሰዎችና አንድ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ደሴ ልንሄድ ነው። ቱቦው ውስጥ ለደሴ ተማሪዎች የምናሳያቸው 24 ሥዕሎች ተጠቅልለዋል። ኮፒ ናቸው። ኦሪጅናል ሥዕል እንዲህ ተጠቅልሎ በሚኒባስ አይጓዝም፤ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ እርጥበት ይገባዋል። ደግሞስ ማን አምኖ ይሰጠናል?

እኔ ባንክ ነው የምሠራው። ከእኛ መሃል ፍሬም ሠሪ አለ፣ የሒሳብ መምህር አለ፣ ዩኒቨርሲቲ ያልጨረሱ ልጆች አሉ። ጡረታ የወጣች ነርስም አለች፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። የሚያገናኘን አንድ ነገር ነው። ቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባ ባለ አንድ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በነፃ እናገለግላለን። ራሳችንን «የሙዚየሙ ወዳጆች» እንላለን። ደመወዝ የለንም፣ ባጅ ግን አለን። እሱንም ሲስተር በራሷ ገንዘብ ናት ያሳተመችው።

«እዚያ ምን ትሠራላችሁ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ከሠዓሊዎች ጋር ወይን ስንጠጣ የምንውል ይመስለዋል። ወንበር እንሸከማለን። ሥዕል ሲሰቀል መሰላል እንይዛለን፣ ውሃ ልክ እንይዛለን። በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈውን መግለጫ ወደ አማርኛ እንመልሳለን፤ ይኼ ከመሰላሉ ይከብዳል። የተማሪ ቡድን ሲመጣ እናስጎበኛለን። «እባካችሁ በእጅ አትንኩ» የሚለውን በቀን መቶ ጊዜ እንላለን። አሰልቺው ሥራ ግን ኢንቬንቶሪው ነው። አንድ በአንድ መለካት፣ ፎቶ ማንሳት፣ የሠዓሊውን ስም፣ ዓመቱን፣ ቀለሙ ዘይት ይሁን አክሪሊክ፣ የተጫረ ቦታ ካለ እሱንም መጻፍ። ብዙ በጎ ፈቃደኛ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ወር ይመጣል፣ ከሥዕሉ ጋር ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ስልክ አያነሳም።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ደጋግመን ጠይቀን ነው የተነሳነው። ጣርማበርን በጉም ውስጥ አለፍን። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ልጆቹ እንደ ሕፃን ጮኹ። ደብረ ሲና ቆሎ ገዛን፤ ሳይገዙ ማለፍ ነውር ይመስለኛል። ሸዋሮቢት ስንደርስ ሹራባችንን አወለቅን። ከዚያ እስከ ከሚሴ እንቅልፍ።

ሲስተር አትተኛም። ሥራችን አዲስ ነገር እንዳልሆነ ስታስረዳን ነው የሄደችው። የሉቭር ወዳጆች ማኅበር በፓሪስ የተመሠረተው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። አባላቱ በሚያዋጡት ገንዘብ ለሙዚየሙ ሥራዎች ይገዛሉ። «ፈረንሳይ ምን አስኬደሽ?» አላት መምህሩ። እውነቱን ነው፤ ስድስት ኪሎ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የቀድሞ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የራሱ ወዳጆች ማኅበር ነበረው። ከሀገር ሊወጡ የሚችሉ ቅርሶችን እየገዙ ለተቋሙ ሙዚየም ይሰጡ ነበር። ይኼን ስሰማ ያቺ ባጄ ትንሽ ከበደችኝ።

ከኮምቦልቻ በኋላ መኪናው የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ተያያዘው። ደሴ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳ ነው የጠበቀችን። ሹራቡ ተመለሰ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ነው። አዳራሽ ሊሰጠን ቃል የገባ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ደብዳቤ ጽፈናል፣ ማኅተም አለው። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ሰው ለቅሶ ሄዷል። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ጥበቃው ከልቡ አዘነልን፣ ግን ሐዘን በር አይከፍትም። ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ተማሪዎች ከአስተማሪዎቻቸው ጋር በረንዳው ላይ ቆመው ያዩናል።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሻይ ቤት አለች። ባለቤቷ ጠና ያሉ እናት ናቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ።

«ምን ሆናችሁ ነው ሸጎች?»

«የሙዚየም ወዳጆች ነን እማማ። ሥዕል ልናሳይ መጥተን...»

«ወዳጃ ናችሁ?»

ሲስተር ሳቋ አመለጣት። ለማያውቅ ልንገር፤ ወሎ ውስጥ ወዳጃ ማለት ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ቡና ተፈልቶ ዱአ የሚደረግበት ነው። የታመመ ሲኖር፣ ዝናብ ሲጠፋ፣ ሐሳብ ሲበዛ ይጠራል። ክርስቲያኑም መጥቶ ይቀመጣል፣ «አሚን» ይላል። እኛ «ወዳጆች» የሚለውን ቃል የወሰድነው ከውጭ ማኅበራት ነበር። እዚህ ቃሉ ቤት አለው።

«አብሽሩ፣ ግቢው የእናንተ ነው» አሉን።

ግቢው ውስጥ ትልቅ ዛፍ አለ። ፍሬም ሠሪያችን ሮጦ ገመድና የልብስ መቆንጠጫ ገዝቶ መጣ። ከዛፉ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ኩሽናው ዘረጋን። ውሃ ልክ የለም። ሥዕሎቹ በንፋስ ይወዛወዛሉ። ሙዚየማችን ውስጥ አንዲት ፍሬም በግማሽ ሴንቲ ሜትር ብትዘም የሚነጫነጨው ሰውዬ እዚህ በመቆንጠጫ ሲሰቅል ፊቱን ብታዩት።

እኔ የተሰጠኝ የገብረ ክርስቶስ ደስታ «ጎልጎታ» ነበር፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የተሣለው፣ ያ ቀዩ ሥዕል። ንግግሬን አዲስ አበባ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ሠዓሊው ሐረር ተወለደ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተማረ፣ ኤክስፕሬሽኒዝም፣ አብስትራክት... ገና «ኮሎኝ» ላይ ሳለሁ ከፊት የቆመ አንድ ልጅ አቋረጠኝ።

«ቀዩን ማን ደፋው?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም መልስ ለመስጠት አፌን ከፈትኩ። ሻይ ሊጠጡ የመጡ፣ ጥቁርና ነጭ ጥምጥም ያሰሩ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ቆመው ነበር። ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ለልጁ ዝግ ብለው «ዝም በል ልጄ፣ ሰውዬው አሞታል» አሉት።

ግቢው ጸጥ አለ። እኔ ስለ ኮሎኝ መጨረስ አፈርኩ። ያን ቀን ከዚያ በኋላ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ምን ይታያችኋል?» ብዙ ሰው አስጎብኚ ሲሆን የሚያውቀውን ሁሉ ማውረድ ያምረዋል። እኔ ዋነኛው ነኝ።

ሌላው ሰው የከበበው የሮቤል ተመስገን ሥራ ነበር። ሮቤል በ1987 እ.ኤ.አ. እዚሁ ደሴ የተወለደ ሠዓሊ ነው። «አድባር» የሚሉ ተከታታይ ሥራዎች አሉት። «የደሴ ልጅ ነው» ስትል ተማሪዋ አስጎብኚያችን፣ ልጆቹ ሥዕሉን ትተው እሷን አዩ። የዋሸች መስሏቸዋል። አንዱ «የት ሰፈር?» አለ። ያንን አላወቀችም። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ በመግለጫ ወረቀታችን ላይ የተማረበት ሀገር አለ፣ ሰፈሩ የለም።

ማታ ላይ ራት ፍለጋ ስንወጣ መንገድ ዳር ጉልት የዘረጋች ሴት ነበረች። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ። ወልዲያ የተወለዱት ሠዓሊ ታደሰ መስፍን እንደ እሷ ያሉትን የጉልት ሴቶች ዓመታት ሙሉ ሥለዋል፤ «የሕይወት ምሰሶዎች» ይባላሉ ሥዕሎቹ። ለስንት የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ስለ እነሱ ተናግሬያለሁ፣ ለአንዲት ጉልት ሻጭ ግን አሳይቼ አላውቅም። ስልኬ ላይ ከፍቼ ሰጠኋት። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሥዕሉ ላይ ሴቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ እንደ ዓምድ ቆመዋል።

«እኛ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን ነው የምንውል» አለችኝ። ዝም ብላ አየችና፣ «እንዲህ ቀጥ አድርጎ ያቆመን ማነው?»

ስሙን ነገርኳት። ቲማቲም ጨመረችልኝ።

በማግስቱ ጠዋት የደሴ ሙዚየም ጋ ሄድን። ቤቱ ድሮ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል። ውጪ ቆመን ብዙ አላወራንም። መምህሩ ብቻ፣ «ምን እንደጠፋ ለማወቅ መጀመሪያ ምን እንደነበረ የተጻፈ ያስፈልጋል» አለ። ከኢንቬንቶሪ ሲጠፉ የነበሩት ሁለቱ ልጆቻችን መሬት መሬት አዩ።

ከዚያ አይጠየፍ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ስሙ እንዴት እንደወጣለት የደሴ ሰው ሁሉ ይነግርሃል፤ ደሃ ሀብታም ሳይል ሁሉንም ስለሚያስገባ ነው ይላል። አይጠየፍ፣ ማንንም አይጠየፍም። እኔ አዳራሹን እያየሁ የመጣብኝ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ሙዚየማችን በር ላይ አንድ ሊስትሮ ልጅ መጣ። ሣጥኑን ይዟል። ጥበቃው «ወዴት ነው?» አለው። ልጁ «ሥዕል ላይ» አለ። ጥበቃው ወደ እኔ ዞረ፤ ባጅ ያለኝ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ የአንድ ኤምባሲ እንግዶች እየጠበቅኩ ነበር። ምንም አላልኩም። ልጁ ትንሽ ቆመና ሄደ። ይኼን ለጓደኞቼ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። አይጠየፍ ፊት ነገርኳቸው። ማንም አላጽናናኝም፣ ደግ አደረጉ።

ከሰዓት ወደ ሐይቅ ወረድን፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደዚያ ሲሄዱ የአምባሰል ተራሮች ይታያሉ። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ ስማቸው የወሎ ቦታ ነው፣ የእኛ ሹፌር ግን ሬጌ ከፍቷል።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም። ሲስተርና ሴቶቹ ልጆች ውሃው ዳር ቀሩ። «ዛሬ የበሩ ተረኛ እኔ ነኝ» ብላ ሸኘችን። ገዳሙ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት ነው። በእሳቸው ስም የሚታወቀው በሥዕል ያጌጠ ወንጌል ከሀገራችን ጥንታዊ የሥዕል ሥራዎች አንዱ ነው። ሰው የሚያወራው ስለ ሥዕሎቹ ነው። እኔን የገረመኝ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር እዚያው ወንጌል ላይ መጻፉ ነው። ኢንቬንቶሪ! ውሃው ዳር ተመልሼ ለሁለቱ ልጆች ስነግራቸው «እሺ፣ ገባን» አሉኝ፣ ትንሽ በቁጣ።

ልንመለስ ስንል ሻይ ቤቷ ጋ ለመሰናበት ቆምን። እማማ ቡና ሳትጠጡ አትሄዱም አሉ። አቦል ላይ ጥያቄ ጀመሩ።

«እንግዲህ ቅሬ ናችሁ ማለት ነው?» ሌላው ሀገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል።

«እንደዚያ በሉት» አለች ሲስተር።

«ወር ወር ስንት ታዋጣላችሁ?»

«እንደ አቅማችን።»

«የቀረ ሰው ስንት ይቀጣል?»

ተያየን። «ቅጣት የለንም እማማ። በጎ ፈቃድ ነው።»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ቅጣት የሌለው ቅሬ ደግሞ ምን ቅሬ ነው?»

ቶናው ላይ ሲያስረዱን ቆዩ። ሰው የማይቀረው ስለሚወድህ ብቻ አይደለም አሉ፤ መቅረቱ ስለሚታወቅ ነው። ድንኳኑ ቁጥር አለው፣ ድስቱ ቁጥር አለው፣ ማን እንደወሰደው ይጻፋል። በረካው ላይ መረቁን። «አሚን» አልን።

የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ክርክሩ ተጀመረ። መምህሩ በተረኛ ቀኑ ያለምክንያት የቀረ 100 ብር ይቀጣ አለ። ተማሪዎቹ ጮኹ። ሐርቡ ላይ 50 ሆነ። ከሚሴ ላይ ተማሪ 30 ተባለ። ፍሬም ሠሪው ውሃ ልክ ይዞ ያልመለሰ ሰው ለብቻው ይቀጣ አለ፤ ማንን እንደሚል እናውቃለን። ሲስተር ሁሉንም ደብተሯ ላይ ጻፈች። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ኔትወርክ መጣና የቅዳሜውን ተራ ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኢንቬንቶሪ፣ በር። ሁለቱ ልጆች ኢንቬንቶሪው ላይ ስማቸውን አስገቡ። አንደኛ ፎቅ የ«ጎልጎታ» ክፍል ሁልጊዜ የእኔ ነው፣ ሁሉም ትተውልኛል።

እኔ በሩ ላይ ስሜን ጻፍኩ።